ስለ ሚዙሪ ወንዝ የስንቅ ከተሞች ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ ወደ አሜሪካ ምዕራብ፣ ወደ ኦሬጎንና ወደ ካሊፎርኒያ ያመሩት ሰፋሪዎች ከ3,000 ኪሎ ሜትር ለሚበልጠው መንገድ ስንቃቸውን የሚያሟሉት በሚዙሪ ወንዝ አካባቢ ባሉት ከተሞች፣ በኢንዲፔንደንስ፣ በዌስትፖርት፣ በሴንት ጆሴፍና በካውንስል ብላፍስ ነበር። ስለ እነዚህ ከተሞች ሲጻፍ ግን ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ።

ዋነኛው፣ ከተሞቹ የተመሠረቱበትን ቦታ እንደ አጋጣሚ መቁጠር ነው። ከሴንት ሉዊስ ተነሥቶ ሚዙሪን ሽቅብ የሚሄድ የእንፋሎት መርከብ ዛሬ ካንሳስ ሲቲ እስካለችበት ድረስ መንገደኛውን ወደ ምዕራብ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ወንዙ ወደ ሰሜን ስለሚታጠፍ ምዕራብን ያለ ሰው ከመርከብ ወርዶ ሠረገላ መጫን ግድ ይሆንበታል። ገበያው የደራው ወንዙ መንገደኛውን በሚሸኝበት በዚህ መታጠፊያ አካባቢ ነው።

«የወንዝ ከተማ» ሲባል ሁሉም ውኃው ዳር እንደነበሩ ማሰብም ያሳስታል። ኢንዲፔንደንስ ከወንዙ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር፤ ወንዙም ራሱ ቦታውን ይቀያይራል። በ1856 ከ200 ቶን በላይ ሸቀጥ ጭና ወደ ላይኞቹ ከተሞች ስትጓዝ የነበረችው «አረብያ» የተባለች መርከብ ውኃ ውስጥ በተደበቀ ግንድ ተወግታ ሰጠመች፤ ታስራ ከቀረች አንዲት በቅሎ በስተቀር የተሳፈሩት ሁሉ ተርፈዋል። በ1988 ስትቆፈር የተገኘችው ከወንዙ 800 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ እርሻ ውስጥ፣ 14 ሜትር ከሚጠጋ አፈር ሥር ነበር። ጫማው፣ መጥረቢያው፣ ሳህኑ፣ በጠርሙስ የታሸገው ፍራፍሬ ሳይቀር በብዛት ወጥቷል፤ የጠረፍ ሱቆች ምን ይሸጡ እንደነበር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ይሁንና ሁሉም ነገር ከምሥራቅ ተጭኖ ይመጣ ነበር ማለት አይደለም። ሠረገላና ቀንበር እዚያው ይሠራ ነበር፤ በኢንዲፔንደንስ ስመ ጥር ከነበሩት ሠሪዎች አንዱ ሃይረም ያንግ በባርነት ተወልዶ ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው።

ሥዕሎች ሠረገላውን በፈረስ ሲያስጎትቱ ይታያል። አብዛኛው ሰፋሪ ግን የጠመደው በሬ ነበር፤ በሬ ዋጋው ከበቅሎ ይረክሳል፣ የመንገዱን ሣር እየጋጠም ይዘልቃል። በበሬ ላረሰ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ሠረገላው የስንቅ ማመላለሻ ስለነበር አቅም ያለው ሁሉ ከጎኑ በእግሩ ይጓዝ ነበር።

ብዙ የሸመተ በመንገዱ ላይ ብዙ ተጠቀመ ብሎ መደምደምም ትክክል አይደለም። ለአንድ አዋቂ 90 ኪሎ ግራም ያህል ዱቄት በቂ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ነጋዴው ትርፉን እያየ ከዚያ በላይ እንዲጭኑ ይገፋፋ ነበር፤ በ1849 የካሊፎርኒያው የወርቅ ፍለጋ ሲጦፍ በመንገዱ ላይ በነበረው ምሽግ በፎርት ላራሚ አካባቢ የተጣለ የአሳማ ሥጋ በመንገድ ዳር ተከምሮ ይታይ ነበር።

በመጨረሻም፣ የመንገዱን አደጋ ሁሉ ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ጥቃት ጋር ማያያዝ ይቅር። አብላጫውን ሰው የገደለው በሽታ ነው። በሬዎቹ የሚግጡት ሣር እስኪበቅል፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም እስከ ግንቦት ድረስ፣ ሰፋሪው በከተሞቹ ዙሪያ ድንኳን ተክሎ ይጠብቅ ነበርና፣ በ1849 ዱቄቱን ባመጡት በእነዚያው መርከቦች የመጣው ኮሌራ አንዳንዱን ገና ሠረገላውን ሳይጭን ቀበረው።