ስለ ሉተራውያን ስንከራከር የምንስታቸው ነገሮች

የሃይማኖት ክርክር ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ «ሦስት ልደት»፣ «ሁለት ልደት» ተባብለው ተካረዋል። ነገሩ በአዋጅ የተዘጋው በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ለቅሶ ቤትም፣ ቡና ላይም የሚነሳው የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ነው፤ ሉተራውያን የምንላቸው የእሱን ትምህርት የሚከተሉት ናቸው። መከራከሩ ባልከፋ፤ ያልተባለውን ይዞ መሟገቱ ነው የሚያደክመው።

ትልቁ ስህተት «ሉተራውያን ጸሎተ ሃይማኖት የላቸውም» ማለት ነው። አላቸው። በ325 እ.ኤ.አ. ሠለስቱ ምእት ኒቅያ ላይ የደነገጉትን፣ በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሟላውን ይቀበላሉ። ልዩነቱ ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚናገረው ቦታ ላይ ነው። በእኛ ቅዳሴ «ከአብ የሠረጸ» ይባላል። ምዕራቦቹ «ከአብና ከወልድ» ብለው ጨመሩ። ሮም ራሷ በቅዳሴ ላይ ይህን ማለት የጀመረችው በ1014 እ.ኤ.አ. ነው። ሉተር ተወልዶ ያገኘውን ነው የያዘው። ስለዚህ መሟገት የፈለገ ሰው እዚህች ላይ ይሟገት፤ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው።

የእምነት መግለጫዎቹን ስም አይቶ ጸሐፊውን መገመትም ያሳስታል። «የሐዋርያት» የሚባለውን አሥራ ሁለቱ እየተቀባበሉ አልጻፉትም፤ ከጥንቷ ሮም የጥምቀት ጥያቄዎች ያደገ ነው። «የአትናቴዎስ» የሚባለውም የእሱ አይደለም። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አትናቴዎስ የጻፈው በግሪክኛ ነው፤ ይሄኛው በላቲን የተጻፈ፣ እሱ ካረፈ በኋላ የመጣ ነው።

«ጴንጤ ሁሉ ያው ነው» የሚሉም ሞልተዋል። የሉተር ትምህርት ሕፃናትን ያጠምቃል። የክርስቶስ ሥጋና ደም በኅብስቱና በወይኑ በእውነት አለ ይላል። ብዙዎቹ ሌሎች ወንጌላውያን ሁለቱንም አይቀበሉም። ማማተብንስ ቢሆን? በ1529 እ.ኤ.አ. የወጣው የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም (የሃይማኖት ማስተማሪያ መጽሐፉ) ጠዋት ስትነሳ በመስቀል ምልክት አማትብ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ በል፣ ከዚያ የእምነት መግለጫውንና አባታችን ሆይን ድገም ይላል። ይህን ስትነግሯቸው ከኦርቶዶክሱ ይልቅ የሚደነግጠው የአገራችን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የመካነ ኢየሱስ አንዳንዱ ወጣት ነው! ሉተር ጾምንም አልሻረም። እዚያው መጽሐፍ ላይ መልካም የሥጋ ዝግጅት ብሎታል፤ የተቃወመው በጾም ጽድቅ ይገኛል መባሉን ነው።

የፈረንጅ ሉተራን ካላንደር ከኢንተርኔት አውርዶ እንዳለ መከተል ሌላው ጣጣ ነው። የእነሱ የአድቬንት ሰሞን (የገና ዝግጅት ወቅት) ከዲሴምበር 25 በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ቆጥሮ ይገባል። መካነ ኢየሱስ ደግሞ ገናን እንደ አገሩ ሰው ታኅሣሥ 29 ነው የምታከብረው። ጃንዋሪ 6ም ጥምቀት አይደለም፤ በምዕራቡ በዋናነት የሰብአ ሰገል መታሰቢያ ነው። ፋሲካ ላይ ይብሳል። በ2016 ዓ.ም. የእኛው ከእነሱ አምስት ሳምንት ዘግይቶ ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ።

ዓመተ ምሕረት ማምታታትም አለ። ሉተር ተሐድሶው የተጀመረባቸውን 95 የክርክር አንቀጾች ያወጣው በ1517 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1510 ዓ.ም. ይሆናል። መካነ ኢየሱስ የተመሠረተችው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ 1959 የሚለው የፈረንጁ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ስታዘጋጁ ከቁጥሩ አጠገብ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉበት።