ማጅራት ገትር ገባ ሲባል ፊደሉን ጠይቁ፣ ቁጥሩንም

ጥር ላይ ጎንደር ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። አቧራው፣ ደረቁ ነፋስ፣ ለጥምቀት ከየአገሩ የሚጎርፈው ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ የሚያድረው እንግዳ። ማጅራት ገትርም የሚወደው ይህንኑ ነው። ከሴኔጋል ተነስቶ እኛ ዘንድ በሚያልቀው የበሽታው ቀበቶ ወረርሽኝ የሚነሳው በበጋ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ይረግባል። እና "ገባ አሉ" የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲደርሳችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ቆይ ግን። ወሬ ሳይሆን ቤታችሁ ሰው ከታመመ ይህን ጽሑፍ ተዉት። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገት አልታጠፍ ማለት፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ካለ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ። ካልታከመ ግማሹን ሰው ሊገድል ይችላል። ጸበሉ የትም አይሄድም፣ መድኃኒቱ ይቅደም።

አሁን ወደ ፊደሉ። በሽታውን በወረርሽኝ የሚያመጣው ባክቴሪያ (ሜኒንጎኮከስ ይባላል) ከላይ የስኳር ሽፋን ይለብሳል፣ ጋቢ በሉት። በፊደል የሚጠሩ 12 ዓይነት ጋቢ አለ፣ በብዛት የሚያስቸግሩን ግን ስድስቱ ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ኤክስ፣ ዋይ። ከቢ በስተቀር ክትባቶቹ ሰውነታችንን የሚያስተምሩት ይህን ጋቢ እንዲለይ ነው። ስለዚህ "ተከትቤያለሁ" ብቻ አይበቃም። የትኛውን? እኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ የተሰጠው ለኤ ብቻ ነበር። ሐጅ የሄዱ ጎረቤቶቻችሁ የሚከተቡት ደግሞ ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው እና ዋይን ይይዛል። ኤክስንም ጨምሮ አምስቱን የሚሸፍነውን ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ጀምራዋለች።

ችግሩ ጋቢ ይቀየራል። ይህ ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ከሞተ ጎረቤቱ ዲኤንኤ አንስቶ የራሱ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ የጋቢውን ጂን ሳይቀር፤ ትናንት በሲ የምናውቀው ዛሬ ደብሊው ለብሶ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ላብራቶሪ ባክቴሪያውን በልብሱ ሳይሆን በመልኩ የሚለየው። ሰባት ጂኖችን ያነብና ኤስቲ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል።

ቁጥሩ ምን ይነግራችኋል? ከየት እንደመጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 መካ ላይ በሐጅ ወቅት የተነሳው ኤ በቀጣዩ ዓመት ሱዳንና ቻድ ገባ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ደግሞ እኛን መታን፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ያ ኤስቲ-5 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 እንደገና ኤ መጣ፣ ቁጥሩ ግን ኤስቲ-7። የሁለቱ ልዩነት ከሰባቱ ጂን በአንዱ ብቻ ነው፣ ወንድማማች በሏቸው። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው ያው የድሮው ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የኒጀሩ ሲ ደግሞ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ ብዙ ሰው ያሳመመው ኤስቲ-10217 ዘር ማንዘሩ ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር፣ ጋቢ እንኳ ያልነበረው ነው። ከሌላ ወሰደና ለበሰ።

ታዲያ ስታነቡ እንዲህ አድርጉ። ፊደሉም ቁጥሩም አንድ ከሆነ ምናልባት አንድ ሰንሰለት ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ በሁለት በር ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፊደሉ ካልታወቀስ? ምርመራው ገና ነው፣ የትኛው ክትባት እንደሚሠራም ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግራችሁ አይችልም።

ፊደሉ የሚታወቀው ደግሞ በአብዛኛው ከጀርባ በሚቀዳው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ እንቢ የሚለው። "ሽባ ያደርገዋል" ይባላል። መርፌው የሚገባው ግን የነርቭ ገመዱ ካበቃበት በታች ነው። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ቶሎ እሺ በሉ፣ ምክንያቱም አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ ባክቴሪያውን ለምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ይከብዳል። ውሃው መቀዳቱ ቢዘገይ ግን መድኃኒቱ አይጠብቅም፤ የሞተውንም ቢሆን ዲኤንኤውን የሚፈልገው ፒሲአር የሚባል ምርመራ ፊደሉን ሊያገኘው ይችላል። ለማሳደግ የተቀዳውን ውሃ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ካያችሁ አስቁሙት፣ ይህ ባክቴሪያ ብርድ አይችልም።