በጡረታ ዘመን መሰላል እንዴት ይመረጣል?

ሰበታ አካባቢ ቤት ከሠራሁ ጀምሮ የምጠቀመው መሰላል ከባሕር ዛፍ የተመታ ነበር። ርካሽ ነው፤ ሲሰበርም ማንም ይጠግነዋል። ክፋቱ ምስማሩ ላይ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ባለፈው ግንቦት ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳ ልጠርግ ስወጣ ሦስተኛው እርከን ከእግሬ ሥር ዞረብኝ። አልወደቅኩም፤ ዕድሜዬ 66 መሆኑን ግን ያን ዕለት አመንኩ።

አዲስ ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት የሚፈልጉትን ቁመት ይለኩ። ብዙ ሰው «ለሁሉም ይሆነኛል» ብሎ ረጅሙን ይገዛል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ረጅም መሰላል ከባድ ነው፤ ከባድ መሰላል ደግሞ ገና ሳይወጡበት፣ ከጓዳ ሲያወጡት ወገብ ይቆርጣል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ኮርኒስዎ 2.80 ሜትር ከሆነ፣ አምፖል ለመቀየርም ሆነ መጋረጃ ለመስቀል መቆሚያው 1 ሜትር ከፍ ያለ መሰላል ይበቃል።

ሱቅ ሲደርሱ በራሱ የሚቆመውን፣ እግሩ ተከፍቶ የሚዘረጋውን ይጠይቁ። ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት በአንድ እጅ አንሥተው አሥር እርምጃ ይራመዱ፤ ይክፈቱት፣ ይዝጉት፤ ሁለት እርከን ወጥተው ይወዝውዙት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ብየዳ ቤት የሚሠራው የብረት መሰላል ጠንካራ ነው፤ ግን ይህን ፈተና የሚያልፈው ከስንት አንድ ነው። አሉሚኒየም ይቀላል።

እርከኑ ጠፍጣፋና ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋ ይሁን፤ ክብ ቱቦ ከሆነ ውስጥ እግርን ያሳምማል። ከላይ ሰፋ ያለ መቆሚያና ከጉልበት በላይ የሚደርስ መያዣ ያለው ከተገኘ ጥቂት ብር መጨመር አይቆጭም። እግሮቹ ጎማ መልበሳቸውን፣ ሲከፈት የሚቆልፈው ብረት አለመላላቱን ይዩ። ጎኑ ላይ ኢኤን 131 የሚል ጽሑፍ ካለ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ እስከ 150 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ክብደቱ የእርስዎም የያዙት ዕቃም ድምር ነው።

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በእኛ ሰፈር ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ግቢው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ፣ መሰላሉን አቁመው ሳይሆን አጋድመው ይውሰዱት፤ በሽቦው አቅራቢያም አይዘርጉት።

አፈራችን ጥቁር ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ አንዱን እግር ይውጣል። ውጭ ሲሠሩ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ያንጥፉ፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ሥራውን ለነገ ያቆዩት። ለቅርብም ለሩቅም የሚያገለግል መነጽር ካደረጉ ሲወርዱ እርከኑ ይደበዝዝብዎታል፤ ያውልቁት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም አንገት ቀና ሲያደርጉ ሊያዞራቸው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር አይውጡ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውጣትን ለወጣት ትቻለሁ። አሸንዳውን አሁን የጎረቤቴ ልጅ ይጠርግልኛል፤ እኔ ከታች ሆኜ መሰላል እይዝለታለሁ። የባሕር ዛፉን አልጣልኩትም፤ ዶሮ ቤት ውስጥ አግድም ተሰቅሎ ዶሮዎቹ ያድሩበታል።