የስልክ ባትሪ እስኪያልቅ መጠበቅ ቀርቷል
«ባትሪው ጨርሶ ካላለቀ ቻርጅ አታድርጉ» የሚለው ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የተረፈ ነው። የዛሬ ስልኮች ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፤ እሱን ደጋግሞ ዜሮ ማድረስ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። 20 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሰኩት፣ 80 ሲሞላ ንቀሉት። ለጉዞ 100 ብትሞሉት ግን ምንም አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ሙቀት ነው። ቻርጅ ላይ እያለ ትራስ ሥር አታስገቡት፤ ጀርባው ከጋለ ሽፋኑን አውልቁ፣ ጌሙንም አቁሙ።

30 በመቶ እያሳየ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ አንድ ጊዜ እስኪጠፋ ተጠቅማችሁ ሳታቋርጡ እስከ 100 ሙሉት። ይህ የመቶኛ ንባቡን ሊያስተካክል ይችላል፤ ያረጀ ባትሪን ግን አያድስም። ጀርባው ካበጠ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ባትሪውን በባለሙያ አስቀይሩ።