በምላስ የሚያሸንፍ ካራክተር ስትጫወቱ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

አርፒጂ ጌም (የራሳችሁን ካራክተር እያሳደጋችሁ ታሪኩን በምርጫችሁ የምትመሩበት) ሳልተኩስ፣ በንግግር ብቻ መጨረስ ነፍሴ ነው። ብዙ ሰው ግን ይሞክረውና መሃል ላይ ተበሳጭቶ መሳሪያ ያነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከጌሙ ሳይሆን ከአጨዋወቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ለካራክተሩ ችሎታዎች የሚሰጠውን ነጥብ መበተን ነው። "ትንሽ ለሽጉጥ፣ ትንሽ ለንግግር" ያለ ሰው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። በ2010 የወጣውን ፎልአውት ኒው ቬጋስን እዩ። የምትናገሩትን ከመምረጣችሁ በፊት ስንት የስፒች (የንግግር ችሎታ) ነጥብ እንደሚጠይቅ ይነግራችኋል። 50 ካለ 49 ይዞ መሞከር ዋጋ የለውም። መጨረሻ ላይ ላኒየስ የሚባለውን የሌጌዎን ጦር አዛዥ በስፒች አሳምኖ ጦሩን ለማስመለስ 100 መሙላት አለባችሁ። ስፒች የሚጨምሩትን መጽሔቶችም እንዳገኛችሁ አታንብቧቸው። አንዱ 10 ነጥብ የሚጨምረው ለአጭር ጊዜ ነው። ከባድ ሰው ልታናግሩ በሩ ላይ ስትደርሱ አንብቡት።

ሁለተኛው ግን ከሁሉም ይብሳል፦ አፈ ጮሌ መሆን ብቻውን ይበቃል ብሎ ማሰብ። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ፎልአውት ላይ ማስተር የሚባል ጠላት አለ። የሰውን ልጅ በሙሉ ወደ ሙታንት (ተፈጥሮው የተለወጠ ፍጡር) ቀይሮ አንድ ዘር ማድረግ ይፈልጋል። ለዓለም መልካም እየሠራሁ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። ስለዚህ ብትለምኑትም ብትቆጡትም አይሰማም። የሚያፈርሰው ማስረጃ ነው፤ ሙታንቶቹ መውለድ አይችሉም። ማስረጃው ያለው ደግሞ ብራዘርሁድ የሚባለው ቡድን ጋር፣ ቭሪ የምትባል ተመራማሪ ዘንድ ነው። እሷን ሳያናግር ያለፈ ተጫዋች ባዶ እጁን ይቀርባል። ማስረጃውን ያቀረበ ግን ማስተር የልፋቱን ከንቱነት አምኖ ራሱን ሲያጠፋ ያያል። አንድ ጥይት አልተተኮሰም! ለእኔ የዲፕሎማት ጨዋታ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ዲያሎግ አትዝለሉ፤ የማይረባ የሚመስለውን ሰው ሁሉ አናግሩ፤ ያገኛችሁትን ጽሑፍ አንብቡ።

ሌላው፣ ባልተሳካ ቁጥር ሴቭ ወዳደረጉበት መመለስ። ባልዱርስ ጌት 3 ላይ ንግግራችሁ መሳካቱን የሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ 1 ካመጣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ አይሳካላችሁም። ቢሆንም ታሪኩ ይቀጥላል። ዲስኮ ኢሊሲየም ላይማ አንዳንዱ ውድቀት ከስኬቱ የበለጠ ያምራል። እዚያ ችሎታችሁ በዳይስ ሲፈተን፣ ነጭ የሚባለው ሙከራ ስኪሉን (ችሎታውን) ስታሳድጉ እንደገና ይከፈታል፤ ቀዩ ግን አንዴ ነው። ባይሳካም ተቀበሉትና ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ።

በመጨረሻ፣ ጠባቂ ሳይዙ መውጣት። የኒው ቬጋስ በረሃ ጊንጥ ንግግር አይገባውም። ደግነቱ፣ እዚያ ካሪዝማችሁ (ሰውን የመማረክ ነጥባችሁ) ከፍ ባለ ቁጥር አብረዋችሁ የሚጓዙት ጓዶች የበለጠ ይበረታሉ። አንድ ሰው፣ ከእሱም ጋር ሮቦቱን ወይም ውሻውን ማስከተል ትችላላችሁ። መዋጋቱን ለእነሱ ተዉላቸው።