ማሲንቆ በ174 ምት ላይ፦ ድራም ኤንድ ቤዝን ከጃዝ ጋር በቤት ስቱዲዮ ማዋሃድ

ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ፈጣን ድራምና ከባድ ቤዝ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ በደቂቃ 174 ምት አካባቢ ይሮጣል። ማሲንቆ ተጫዋቹን ግን አብራችሁ አታስሩጡት፤ ጭራው ድምፁን ለመሳብና ለማንሸራተት ጊዜ ያጣል። እሱ በ87 ይቁጠር፣ ድራሙ በእጥፍ ይሂድ። በጆሮ ማዳመጫው የሜትሮኖም ቅጭልታ ከምትለቁበት በ87 የተመታ ከበሮ ስጡት።

ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ በክረምት የምትቀዱ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ቅዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ የትኛውም ማጣሪያ አያድናችሁም። እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ስለሚያላላ ድምፁ ይታፈናል፤ ከመቅዳታችሁ በፊት ፀሐይ አሙቁት፣ እሳት ዳር ግን አታስጠጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ግድግዳው ላይ ወፍራም የመንዝ ባና ስቀሉ። ሱፉ የሚውጠው ቀጭኑን ነጸብራቅ ነው፤ የቤዙን ጉምጉምታ አይነካውም። ማይኩ ከቆዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከደጋኑ መስመር ትንሽ ወደ ጎን ይቁም። ፊት ለፊት ከተደገነ የደጋኑ ፍትጊያ ይገንናል።

ድራሙን በኮምፒውተር ለመጻፍ አንዱን ባር (አራት ምት) 16 ቦታ ክፈሉ። ኪክ (ወፍራሙ የእግር ድራም) 1 እና 11 ላይ፣ ስኔር (ጮክ ብሎ የሚሰነጥቀው) 5 እና 13 ላይ። ይህ ብቻውን ደረቅ ነው። 8 እና 10 ላይ በጣም ቀስ ያሉ ስኔሮች ጨምሩ፤ ጉልበታቸው፣ ፕሮግራሙ ከሚሰጠው ከፍተኛው 127 ውስጥ፣ ከ25 እስከ 40 ይሁን። ራይድ ሲምባሉን ስዊንግ ስታደርጉ (ከየሁለቱ ምት ሁለተኛውን ትንሽ ስታዘገዩ) ከ54 እስከ 56 በመቶ ይበቃል፤ በዚህ ፍጥነት ከዚያ በላይ ከሄደ ያነክሳል።

ኮርዱ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። የተለመደውን የጃዝ ኮርድ ቅብብል እንዳለ ካስገባችሁ ከቅኝቱ ውጪ ያሉ ኖታዎች ከማሲንቆው ጋር ይጋጫሉ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከዚያው ውስጥ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶልን ከታች ወደ ላይ ደርድራችሁ በፒያኖ ያዙት፤ አታንቀሳቅሱት። የሚንቀሳቀሰው ቤዙ ይሁን፦ ዶ (65 ኸርዝ)፣ ላ (55)፣ ፋ (44)፣ ሬ (73)። ፋ ከቅኝቱ ውጪ ነው፤ ማሲንቆው ስለማይነካው ግን አይጣላም፣ እንዲያውም ያው ኮርድ ድንገት ጃዝ ጃዝ የሚለው እሱ ጋ ነው። ሬን ወደ 37 ኸርዝ አታውርዱት፣ አብዛኛው ስፒከር አያወጣውም። ይህ ዘዴ ለአንቺሆዬ ቅኝት አይሆንም፤ ኖታዎቹ ስለሚጠጋጉ ኮርዱን ትታችሁ አንድ የማይለወጥ ቤዝ ብቻ ከሥሩ አስቀምጡ።

ችክችካ ካስገባችሁ እያንዳንዱን ግማሽ ባር ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ሃይሃቱን በዚያ ክፍል አጥፉት፣ ካልሆነ ሁለቱ ይረጋገጣሉ።

ማሲንቆው ከፒያኖው ጋር ካልገጠመ አውቶቲዩን አታስነኩት፤ መንሸራተቱ ይሞታል። ፒያኖውን በሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) እያስተካከላችሁ ወደ እሱ አምጡት። ሚክስ ላይ ከቤዝና ከኪክ በስተቀር የሁሉንም ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጡ፤ ኪክ በመታ ቁጥር ቤዙ ለ80 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዝቅ ይበል። በስልክ ስፒከር ስትሰሙት ቤዙ ከጠፋ ድምፁን አትጨምሩ፣ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምሩበት፤ ዲስቶርሽኑ የሚፈጥረው ከፍ ያለ ንዝረት በትንሹም ስፒከር ይሰማል።