የምርምር ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት ጆርናሉን እንዴት ያጣራሉ?

አንድ ጥናት ያሳተመ ወይም በጉባኤ ያቀረበ ሰው ብዙም ሳይቆይ ኢሜይሉ በግብዣ ይሞላል። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን እጅግ ተደስተናል፤ ለሚቀጥለው እትማችን ጽሑፍ እንዲልኩልን እንጋብዛለን» የሚል ዓይነት ነው። ተጋባዡ ገና የማስተርስ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ያጠናው የስንዴ ዋግን ሆኖ ጋባዡ የጥርስ ሕክምና ጆርናል የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

በተመራማሪዎች ዘንድ «ፕሬዳተሪ» የሚባሉት እነዚህ ጆርናሎች ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ጽሑፉን በዘርፉ ባለሙያዎች ማስገምገም (የአቻ ግምገማ) ግን አያደርጉም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መቀመጫውን ሃይደራባድ፣ ሕንድ ያደረገውን ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሶት፣ ፍርድ ቤት በ2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ክሱ ሦስት ነገር ነበረበት፦ ጽሑፎችን በአግባቡ ሳያስገመግሙ ገምግመናል ማለት፣ ክፍያውን እስከ መጨረሻው መደበቅ፣ ያልተስማሙ ምሁራንን በአርታኢነት መዘርዘር። ገንዘቡ ይቅርና ጽሑፉ ራሱ ይባክናል። ሁለትና ሦስት ዓመት መረጃ ተሰብስቦ የተሠራ ጥናት እንዲህ ያለ ቦታ አንዴ ከታተመ ሌላ ጆርናል «ቀድሞ የታተመ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴም አይቆጥረውም።

ከዚህ በታች ላለው ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፦ ጆርናሉ ስለ ራሱ የሚናገረው ማስረጃ አይሆንም። ድረ ገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ከውጭ ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ምርመራ፣ ሆን ተብሎ በጉልህ ስህተት የተሞላ ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ተልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። አብዛኞቹ ድረ ገጻቸው ላይ «በአቻ የሚገመገም» ብለው የጻፉ ናቸው።

1. መለያ ቁጥሩንና ትክክለኛውን ድረ ገጽ ያግኙ

በኢሜይል የመጣውን ሊንክ አይጫኑ። የጆርናሉን አይኤስኤስኤን (በመሃል ሰረዝ ያለው ባለ 8 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው) ወስደው በዓለም አቀፉ የአይኤስኤስኤን ፖርታል ላይ ይፈልጉ። የሚወጣው ስምና አገር ጆርናሉ ከሚለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አድራሻዬ ለንደን ነው የሚል ጆርናል መዝገቡ ላይ በሌላ አገር ተመዝግቦ ከተገኘ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ቁጥሩ መኖሩ የጥራት ምስክር አይደለም። ማንኛውም በተከታታይ የሚወጣ ሕትመት ሊያገኘው ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው የተጠለፈ ጆርናል ነው። አጭበርባሪዎች የአንድ እውነተኛ ጆርናል ስምና መለያ ቁጥር ወስደው አምሳያ ድረ ገጽ ይከፍታሉ። ስሙን ብቻ የሚያጣራ ሰው «በእርግጥ አለ፣ በጆርናሎች መዝገብ (ኢንዴክስ) ውስጥም ገብቷል» ብሎ ይልካል፤ ጽሑፉ የሚገባው ግን ሌቦቹ ጋ ነው። ይህን የሚያጋልጡ ሁለት ቀላል ሙከራዎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ ከድረ ገጹ የቅርብ ጊዜ እትም አንድ ጽሑፍ ይምረጡና ዲኦአይ ቁጥሩን (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ነው፤ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል) ገልብጠው ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ ያስገቡት። ወደዚያው ጽሑፍ መልሶ ካመጣዎ ደህና። «አልተገኘም» ካለ፣ ወይም ጨርሶ ወደ ሌላ ጆርናል ከወሰደዎ እዚያው ያቁሙ።

ሁለተኛው፦ የድረ ገጹን አድራሻ በአይካን (የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት) መፈለጊያ ላይ አስገብተው መቼ እንደተመዘገበ ይመልከቱ። ከ1985 ጀምሮ እየታተምኩ ነው የሚል ጆርናል አድራሻው የተመዘገበው ባለፈው ዓመት ከሆነ፣ ትክክለኛውን ድረ ገጽ በባለቤቱ ተቋም ገጽ በኩል ይፈልጉ። የተሰረዙ ጥናቶችን የሚከታተለው ሪትራክሽን ዋች የተባለ ድረ ገጽ የተጠለፉ ጆርናሎችን ዝርዝር በነፃ ስለሚያወጣ እሱንም ማየት አይከፋም።

2. ኢንዴክሱን ከኢንዴክሱ ባለቤት ይጠይቁ

«በስኮፐስ የተመዘገበ» የሚል ምልክት ማንም ድረ ገጹ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ስኮፐስ (ከታወቁት ኢንዴክሶች አንዱ ነው) የጆርናሎች ዝርዝሩን ያለ ክፍያ ያሳያል፤ በመለያ ቁጥሩ ይፈልጉ። እዚያ ሲደርሱ ብዙ ሰው የሚያልፈውን አንድ መስመር በደንብ ያንብቡ፦ ሽፋኑ ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ። «እስከ 2021» የሚል ከሆነ ጆርናሉ ከዝርዝሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዛሬ የሚያሳትሙት ጽሑፍ ስኮፐስ ውስጥ አይገባም። በክፍያ እናሳትማለን የሚሉ ደላሎች የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዓይነቱን ነው፤ የድሮው ስም አሁንም ስለሚታይ ገዢው አያስተውልም።

ሌላው ኢንዴክስ ዌብ ኦፍ ሳይንስም እንዲሁ የጆርናሎች ዝርዝሩን በነፃ ያሳያል። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው) የሚያወጣው የዌብ ኦፍ ሳይንስ ባለቤት ክላሪቬት ብቻ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። «ግሎባል» ወይም «ዩኒቨርሳል» የሚል ቅጽል የተጨመረበት ኢምፓክት ፋክተር ካዩ የተገዛ ቁጥር ነው ብለው ይውሰዱት። ጉግል ስኮላር ላይ መገኘትም ምንም አያረጋግጥም፤ ጉግል ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል።

ክፍት ተደራሽ (ማንም በነፃ የሚያነበው) ጆርናል ከሆነ ዶአጅ (የክፍት ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ) ላይ፣ የአፍሪካ ከሆነ ደግሞ አጆል (የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ) ላይ ይፈልጉት። በአገር ውስጥ የሚታተም ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ከሰጣቸው መካከል መሆኑን ከዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ቢሮ ይጠይቁ። ማውጫ ውስጥ መኖር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ግን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ ጨርሶ የሌለች አንዲት «ምሁር» በአርታኢነት ለመሥራት ለ360 ጆርናሎች አመልክታ 48ቱ ተቀብለዋታል። 8ቱ በዶአጅ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

3. ጆርናሉን ያንብቡት

ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያሳዝነው ብዙዎች የሚዘሉት መሆኑ ነው። ከመጨረሻው እትም ሦስት ጽሑፎችን ይክፈቱ። የደረሰበትንና የተቀበሉበትን ቀን ያነጻጽሩ። እውነተኛ ግምገማ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይወስዳል፤ በአራት ቀን የተቀበሉት ጽሑፍ አልተገመገመም። በአንድ እትም ስለ ግብርና፣ ስለ ባንክና ስለ ነርሲንግ አንድ ላይ ካገኙ የጉዳዩ ባለሙያ የሆነ ገምጋሚ እንደሌለ ይጠርጥሩ። ሠንጠረዦቹን ይመልከቱ፤ ድምሩ መቶ የማይሞላ መቶኛ ታርሞ ካልወጣ ያነበበው ሰው የለም።

ከአርታኢዎቹ ሁለት ስም መርጠው በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ይፈልጉ። ራሳቸው ስለ ጆርናሉ ከጠቀሱ ጥሩ ነው። ካልጠቀሱ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው አንድ መስመር ይጻፉላቸው፤ ስማቸው ያለ ፈቃዳቸው መዋሉን ከእርስዎ የሚሰሙ አሉ።

4. ክፍያው

ማስከፈል በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ የታወቁ ክፍት ተደራሽ ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ልዩነቱ መቼና እንዴት የሚለው ላይ ነው። ደህናው ጆርናል ዋጋውን ከመላክዎ በፊት ገጹ ላይ ያሳያል፤ የሚከፈለውም ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለድርጅቱ ነው። በግለሰብ ስም በሐዋላ ላክ፣ ዛሬ ከከፈልክ ቅናሽ አለው፣ ጽሑፉን መልሰህ መውሰድ ከፈለግክ ቅጣት አለው የሚል ካለ ይራቁ።

በኢትዮጵያ ያሉ ተመራማሪዎች የመክፈል ግዴታ የሌለባቸው ቦታ ብዙ መሆኑን ሳያውቁ ወደ አጭበርባሪዎቹ ይገፋሉ። ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ደራሲዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይተዋሉ፤ ብዙዎቹም ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለውን (ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) የአገሮች ዝርዝር ይከተላሉ። ጥያቄውን ጽሑፉን በሚልኩበት ዕለት ያቅርቡ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ተባባሪ ደራሲ ሀብታም አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆነ የክፍያ ምሕረቱ ሊቀር ስለሚችል ይህንንም አስቀድመው ያንብቡ።

5. ደላላውን ይለዩ

በቴሌግራም «በስኮፐስ እናሳትማለን፣ መቶ በመቶ ዋስትና» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። የቋንቋ እርማት የሚሰጥ ሐቀኛ አገልግሎት በቃል ወይም በገጽ ቆጥሮ ያስከፍላል፣ ያረመውን ምልክት አድርጎ ይመልሳል፣ ተቀባይነትን ግን በጭራሽ ቃል አይገባም፤ ውሳኔው የአርታኢው እንጂ የእሱ አይደለምና። ዋስትና የሚሰጥ ሰው ከሦስት አንዱን እየሠራ ነው፦ የሐሰት ጆርናል ውስጥ ያስገባዋል፣ ለገምጋሚ የውሸት ኢሜይል ይፈጥራል፣ ወይም የተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ የደራሲነት ቦታ ይሸጣል።

ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንድ ጆርናሎች ደራሲው ገምጋሚ እንዲጠቁም ይፈቅዳሉ። ደላላው የአንድ እውነተኛ ፕሮፌሰር ስም ይጽፍና ኢሜይሉን ግን ራሱ የከፈተውን ያስገባል፤ ከዚያ የራሱን ጽሑፍ ራሱ ያሞግሳል። ባዮሜድ ሴንትራል የተባለው አሳታሚ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 43 ጽሑፎችን ሰርዟል፤ በ2017 ቱመር ባዮሎጂ የተባለው ጆርናል 107 ጽሑፎች ተሰርዘውበታል። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ጆርናሎች ደግሞ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ሰርዘዋል። ስረዛው ላይ የሚወጣው የደላላው ስም አይደለም፤ የደራሲው ነው፤ ለዘለዓለምም ይቀመጣል።

ስለዚህ ማንም ቢያግዝዎ መላኪያ አካውንቱን ራሱ አይክፈትልዎ። ኢሜይሉ የእርስዎ፣ የይለፍ ቃሉም በእርስዎ እጅ ይሁን። ገምጋሚ የሚጠቁሙ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ከተቋማቸው ገጽ ላይ ራስዎ ይቅዱ። በጥናቱ ያልሠራ ሰው ስም እንዲጨመር አይፍቀዱ፤ «ለፍጥነት» ተብሎ የሚጨመር የማያውቁት የውጭ አገር ስም ቦታውን የገዛ ሰው ሊሆን ይችላል።

6. ከላኩ በኋላ ከነቁ

ገና ካልታተመ ዛሬውኑ ይጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ጽሑፉን ከዛሬ ጀምሮ ከጆርናሉ መልሰው መውሰድዎን፣ የኮፒራይት ሰነድ አለመፈረምዎን፣ እንዲያትሙት ፈቃድ እንደሌላቸው፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ መጠየቅዎን ይግለጹ። ሰነድ ፈርመው ከሆነ ስለ ፊርማው አይዋሹ፤ አልፈረምኩም የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይተዉት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ጽሑፉን ለመመለስ ክፈሉ የሚል የክፍያ መጠየቂያና ማስፈራሪያ ነው። አይክፈሉ፤ ከከፈሉ ሌላ መጠየቂያ ይከተላል። ኢሜይሎቹን ከነቀናቸው ያስቀምጡ፣ ገጹንም ፎቶ ያንሱ።

በካርድ ከፍለው ከሆነ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ከፍሎልዎ ከሆነ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ክፍያውን እንዲያስመልስ ባለካርዱ ያመልክት። የጊዜ ገደብ ስላለው አይዘግይ። በሐዋላ ለግለሰብ የተላከ ገንዘብ ግን አንዴ ከተወሰደ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ማረጋገጫ ሳይደርስዎ ወደ ሌላ ጆርናል አይላኩ፤ አንድ ጽሑፍ ለሁለት ቦታ መላክ ራሱ ጥፋት ነው። መልስ ጨርሶ ከጠፋ፣ ለአዲሱ ጆርናል አርታኢ የሆነውን ሁሉ በግልጽ ጽፈው ኢሜይሎቹን አያይዘው ይጠይቁ። ያለ ፈቃድዎ ታትሞ ካገኙትም መንገዱ ይኸው ነው፤ ተደብቆ ሲላክ ጽሑፎችን የሚያመሳክረው ሶፍትዌር በደቂቃ ውስጥ ያጋልጠዋል፣ ያኔ ደግሞ ተጠያቂው እርስዎ ይሆናሉ። የጆርናሉን ስምና አድራሻ ለዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ቢሮና ለቤተ መጻሕፍት ይስጡ፤ ያንኑ ግብዣ የትምህርት ክፍል ባልደረቦችዎም ሳይደርሳቸው አይቀርም።